ድንኳን ስንከራይ ተከላውንም እንዋዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጾመ ነቢያት ከገባ ወዲህ በጎንደር ሠርግ ቢቆምም፣ የጥር ሠርግ የሚሰናዳው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ልጁን የሚድር ቤተሰብ አዳራሽ ለመከራየት አቅሙ ካልፈቀደ ወይም ወዳጅ ዘመዱን በገዛ ደጁ ማስተናገድን ከመረጠ፣ ከወዲሁ ቀብድ እየሰጠ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ጠረጴዛውን፣ ሳህንና ብርጭቆውን፣ ሞንታርቦውንና ጄኔሬተሩን ይይዛል። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ጾም እስኪገባ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ከአዘዞ እስከ ማራኪ፣ ከአራዳ እስከ ቀሃ ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ስለ ድንኳን ኪራይ ሊባል የሚገባው ነገር ካለ መባል ያለበት አከራዩም ተከራዩም ፋታ ባላቸው በዚህ ጊዜ ነው ብዬ ስላመንሁ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

እኔ በከተማችን በአንድ የሰፈር እድር በጸሐፊነት የማገለግል ሰው ነኝ። እድራችን የራሱ ድንኳን አለው፤ ነገር ግን በአንድ ሳምንት ሁለት ሐዘን ሲደርስ ወይም ሸራው ለጥገና ሲገባ እኛም እንደማንኛውም ሰው ከአከራይ እንወስዳለን። የእድሩ አባላት ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካርና ለምርቃት ሲከራዩም ከአከራዩ ጋር የሚነሣው ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ መጨረሻው እኛ ዘንድ ነው። በዚህ አገልግሎት ውስጥ ያየሁት ትልቁ ጉድለት አንድ ነው፦ በከተማችን ድንኳን ስንከራይ የምንዋዋለው ስለ ሸራውና ስለ ብረቱ ብቻ ነው፤ የተከላው ሥራና የተከላው ኃላፊነት ግን ባለቤት ሳያገኙ ይቀራሉ። እነዚህ ሁለቱ ከኪራዩ ሊነጠሉ አይገባም፤ በጽሑፍም ሊሰፍሩ ይገባል።

ሰው ድንኳን ሊከራይ ሲሄድ የሚጠይቀው ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚደርስለት ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ድንኳኑን የሚተክለው ማን እንደሆነ፣ ገመዱ ከምን ጋር እንደሚታሰር፣ ነፋስ ሲነሣ እድምተኛው ይውጣ የሚለው ማን እንደሆነ፣ ድንኳኑ ወድቆ ሰው ቢጎዳ ተጠያቂው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ተከራይ እምብዛም አላጋጠመኝም። አከራዩም ካልተጠየቀ አይናገርም።

በተግባር የሚሆነው ይህ ነው። አይሱዙው አመሻሽ ላይ ይመጣና ብረቱንና የተጠቀለለውን ሸራ ከደጋሹ በር ላይ ያራግፋል። አከራዩ ሦስት አራት ቦታ ማድረስ ስላለበት አንድ ልጅ ትቶ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ማንንም አይተውም። ደጋሹ ከመንገድ የቀን ሠራተኛ ይጠራል፤ የሰፈር ወጣቶችም ያግዛሉ። ቅንነታቸው የሚመሰገን ነው፤ ብዙዎቹ ግን ያንን ዓይነት ድንኳን ተክለው አያውቁም። ቦታው ኮብልስቶን ከሆነ ካስማ አይገባበትም፤ ስለዚህ ገመዱ ከጎረቤት አጥር፣ ከበር መቃን፣ ከቆመ መኪና፣ ይባስ ብሎም ከመብራት ምሰሶ ጋር ይታሰራል። ካልተገኘም ድንጋይ ይጫንበታል። ሌሊቱ ጸጥ ካለ ድንኳኑ በማለዳ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ሁሉም ሰው ወደ ወጡና ወደ ጠላው ፊቱን ያዞራል።

ባለፈው ግንቦት በአንድ የእድራችን አባል ቤት የሆነውን ለአብነት ልጥቀስ። ለሠርግ የተከራዩት ድንኳን በዚህ ዓይነት የተተከለ ነበር። ከሰዓት በኋላ ክረምት ሊገባ ሲል የሚመጣው ነፋስ በድንገት ሲነሣ፣ ሸራው እንደ ፊኛ ተነፍቶ በአንድ ወገን ያለውን ቋሚ ብረት ከነመሠረቱ አነሣው፤ ብረቱም ሲመለስ ከአሳላፊዎቹ በአንዷ ክንድ ላይ ወደቀ። ክንዷ ተሰበረ። ሙሽሮቹ ገና ከቤተ ክርስቲያን ስላልተመለሱና አብዛኛው እድምተኛ ስላልገባ እንጂ ጉዳቱ በዚህ ባላበቃ ነበር። በማግስቱ አከራዩ «እኔ ያከራየሁት ደኅና ድንኳን ነው፤ የተከሉት ልጆች የእናንተ ናቸው» አለ። ቤተሰቡ «ድንኳኑን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ሰው መመደብ ነበረብህ» አለ። የተከሉት ወጣቶች የቀን ዋጋቸውን ተቀብለው ሄደዋል። ውሉ የቃል ስለነበረ ሦስቱም ወገኖች የየራሳቸውን እውነት ይዘው ቀሩ፤ የሕክምናውን ወጪ ደጋሹ ቤተሰብ ከፈለ፤ የአሳላፊዋ የሥራ ቀናት ግን ማንም ሳይተካቸው ቀሩ። እኛም በእድር ዳኝነታችን ከማስታረቅ ያለፈ ምንም ማድረግ አልቻልንም፤ የምንዳኝበት ጽሑፍ አልነበረምና።

ብዙ ሰው ድንኳን ቀላል ነገር ስለሚመስለው ነፋስ የሚያመጣበትን ጉልበት በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። 10 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ተኩል ቁመት ያለው አንድ የድንኳን ግድግዳ 25 ሜትር ካሬ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይህን ግድግዳ ፊት ለፊት ሲመታው፣ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት አየሯ ከቆላው የሳሳ መሆኑ ታስቦ እንኳ፣ ከ200 ኪሎ ክብደት በማያንስ ኃይል ይገፋዋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከደረሰ ያው ግድግዳ ወደ 1,000 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ይቀበላል ማለት ነው። ነፋሱ በአንድ ወገን ክፍት በሆነ ድንኳን ውስጥ ሲገባ ደግሞ መግፋቱ ይቀርና ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ ያነሣል። አምስት ስድስት ወጣቶች ብረቱን ይዘው ሊያስቆሙት የሚሞክሩት ይህን ነው፤ አንዳንዱም ይዞ ሲንጠለጠል አብሮ ይነሣል። ነፋስ የተሸከመውን ድንኳን በእጅ ለመያዝ መሞከር ፈጽሞ መቅረት ያለበት ነገር ነው፤ በዚያች ሰዓት ሊተርፍ የሚገባው ሰው እንጂ ሸራ አይደለም።

ዝናብም የራሱ አደጋ አለው። በአንድ ሜትር ካሬ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል፤ 1 ሊትር ውኃም 1 ኪሎ ይመዝናል። ስፋቱ 10 በ20 ሜትር በሆነ ድንኳን ላይ የአንድ ከሰዓት ዶፍ 10 ሚሊ ሜትር ቢያወርድ በጣሪያው ላይ የሚያልፈው ውኃ 2,000 ሊትር ነው። ሸራው በደንብ ተወጥሮ ተዳፋቱን ከጠበቀ ውኃው ይወርዳል፤ ከረገበ ግን በሁለት አግዳሚ ብረቶች መካከል ይቋጥራል፤ የቋጠረው ውኃ ሸራውን የበለጠ ያረግበዋል፤ የረገበው ሸራም የበለጠ ውኃ ይቋጥራል። ልጆች ከውስጥ በእንጨት እየገፉ ውኃውን ሲያፈሱ ሁላችንም አይተናል። ያ ሥራ እንደ ጨዋታ የሚታይ ቢሆንም፣ አግዳሚው የሚጎብጠውና ጣሪያው የሚደረመሰው በዚያች ሰዓት ነው። በረዶ ሲሆን ደግሞ የማይፈስ በመሆኑ ክብደቱ ባለበት ይቆያል።

መሬቱን በተመለከተ የከተማችን ሁኔታ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰፈሮቻችን ከፊሉ ድንጋያማ፣ ከፊሉ መረሬ፣ ከፊሉ ደግሞ አስፋልትና ኮብልስቶን ናቸው። መረሬ በጥር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ይላላል፤ በሁለቱም ጊዜ አጭር ካስማ ይዞ አይቆይም። ስለዚህ ካስማው አንድ ሜትር የሚጠጋ ወፍራም ብረት ሊሆን፣ የላይኛው ጫፉም ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብሎ ሊመታ ይገባል፤ ቀጥ ብሎ የተመታ ካስማ ገመዱ ሲስበው እንደ ምስማር ይነቀላል። ካስማ በማይመታበት በኮብልስቶንና በአስፋልት ላይ ያለው ሁነኛ መፍትሔ ክብደት ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል በውኃ ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ በአሸዋ የተሞላ ጆንያም ተደራርቦ ያገለግላል። በእያንዳንዱ ጥግና በየመካከሉ ቋሚ ላይ እንዲህ ያለ ክብደት በጠንካራ ገመድ መታሰር አለበት፤ ከፍ ብዬ ካስቀመጥሁት ቁጥር እንደሚታየው ለሰፊ ድንኳን አንድ ሁለት በርሜል አይበቃም፤ ባዶ በርሜል ደግሞ ከጌጥ አያልፍም። ከመብራት ምሰሶ ጋር ማሰር በማናቸውም ምክንያት ሊፈቀድ አይገባም፤ የረጠበ ገመድና የብረት ቋሚ ኤሌክትሪክን ወደ ድንኳኑ የሚያመጡበት አጋጣሚ ይፈጠራልና።

ጎንደር ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ከተማዋን መናገሻቸው ከማድረጋቸው በፊት የኢትዮጵያ ነገሥታት ከነሠራዊታቸውና ከነመኳንንታቸው በድንኳን እየሰፈሩ ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ድንኳን በሥርዓት የሚተከልበትና የሚነቀልበት ሠፈር ያለ ባለሙያ ሊቆም እንደማይችል ግልጽ ነው። ከግንቡ ዘመን በኋላም ቢሆን ዳስ የሚጥሉ አባቶቻችን የአጣናውን ውፍረት፣ የጉድጓዱን ጥልቀትና የነፋሱን መምጫ እያዩ ይሠሩ ነበር። ዳስ የተጣለበት አጣና በጉድጓድ ስለሚተከል እንደ ዛሬው የብረት ድንኳን በነፋስ አይነሣም፤ ቅጠሉም ነፋሱን ያሳልፋል። በሸራና በብረት ስንለውጠው የቆመበትን ዕውቀት አብረን አልለወጥነውም።

ጊዜያዊ ሥራ በሚገባ ካልተሠራና ካልተመረመረ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ከተማ የለም። የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሠፈረ ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሲሞቱ በርካቶች ቆስለዋል። ያ መቀመጫና የሠርግ ድንኳን አንድ አይደሉም፤ የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ ማላከክም አሳቤ አይደለም። ግን ሁለቱም ለጥቂት ቀናት ተብለው የሚቆሙና ብዙ ሰው የሚሰበሰብባቸው ስለሆኑ፣ «ለአንድ ቀን ነው» የሚለው አነጋገር በሁለቱም ዘንድ ቦታ ሊኖረው አይገባም። ሰው የሚጎዳው በዚያው በአንዱ ቀን ነውና። ለከተራና ለጥምቀት ከሌላ አገር የሚመጣው እንግዳ እየበዛ በሄደ ቁጥር በየሜዳውና በየሆቴሉ ግቢ ድንኳን እያከራዩ ማስተናገድ እየተለመደ መጥቷል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሰፈር ድግስ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ። ለእንዲህ ዓይነቱ ኪራይ ሕጉ የጽሑፍ ውል ግድ ባይልም፣ የቃል ውል በክርክር ጊዜ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከላይ ያነሣሁት ሠርግ ያሳያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ድንኳኑን የሚተክለው አከራዩ በራሱ ሠራተኞች መሆኑን፣ የሚተከልበትን ቦታ አስቀድሞ መጥቶ ማየቱን፣ ካስማውን ወይም ክብደቱን ማን እንደሚያቀርብ፣ ድንኳኑ በቆመባቸው ቀናት የሚቆጣጠር አንድ ሰው በስሙ መመደቡን፣ በተከላ ጉድለት ለሚደርስ ጉዳት አከራዩ፣ ተከራዩ ገመድ በመፍታቱ ወይም ግድግዳ በማንሣቱ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ ተከራዩ ተጠያቂ መሆናቸውን መጻፍ ይቻላል። ሰማዩ ሲጠቁርና ነፋስ ሲነሣ ሰዎች እንዲወጡ የማዘዝ ሥልጣን የማን እንደሆነም አብሮ ይጻፍ። ደጋሹ በዚያ ሰዓት እንግዳውን «ውጡ» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ሥልጣኑ ለተመደበው ሰው ቢሰጥ ግን ይሉኝታው ይቀራል።

ስለ ቀብድም ሁለቱም ወገኖች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በዚሁ ሕግ ቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውል መደረጉን ያረጋግጣል። በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሊያፈርስ ቢፈልግ ቀብዱን ይለቃል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በጥር ወር የሚበዛው አቤቱታ ይኸው ነው፤ አከራዩ በኅዳር ቀብድ ተቀብሎ፣ በጥር የተሻለ የሚከፍል ሲመጣ ድንኳኑን ለዚያ ይሰጥና ለመጀመሪያው ሰው ቀብዱን ብቻ ይመልሳል፤ ወይም ያረጀና የተቀደደ ድንኳን ይልክለታል። የመጀመሪያው ሰው የጥሪ ወረቀቱን ስለበተነና ጊዜ ስለሌለው የመጣለትን ይቀበላል። እጥፉን የመጠየቅ መብት እንዳለው ቢያውቅ፣ ቀብድ የሰጠበትንም ወረቀት ቢይዝ፣ ብዙ አከራዮች ወደዚህ ድርጊት ባልገቡ ነበር። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» እንደሚባለው፣ የድንኳን ውል መጥበቅ ያለበት ቀብዱ ሳይሰጥ ነው።

ይህን ስል አከራዮችን ለመክሰስ አለመሆኑን መናገር ይገባኛል። ብዙዎቹ በትንሽ ካፒታል፣ በብድርና በቤተሰብ ጉልበት የጀመሩ ሰዎች ናቸው፤ የአንድ ድንኳን ሸራ ዋጋ ደግሞ ዛሬ እንደ ዱሮው አይደለም። ተከራዩም በእነርሱ ላይ የሚያደርሰው በደል አለ። ሸራው ላይ ለጌጥ ብሎ ምስማር ይመታበታል፤ ከሥሩ ከሰል ያነድበታል፤ ለሁለት ቀን ወስዶ በአራተኛው ቀን ይመልሳል፤ በዚህም ምክንያት ቀጣዩ ደጋሽ ድንኳኑን በሰዓቱ ሳያገኝ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ዝናብ የመታውን ሸራ ሳያደርቁ ጠቅልሎ መመለስ ነው፤ እርጥብ ሸራ ተጠቅልሎ ሲያድር ይሻግታል፤ የሻገተ ሸራም ስፌቱ ይለቃል፤ በሚቀጥለው ነፋስ የሚቀደደውም በዚያው በኩል ነው። አከራዩ ተከላውን በራሱ ሠራተኞች ቢያካሂድና ነቀላውንም እርሱ ቢያደርግ ይህ ሁሉ ብልሽት ይቀንስለታል። እርግጥ ነው፣ ኪራዩ በዚያው መጠን ይጨምራል። የሚጨምረውን ዋጋ ተከራዮች ልንከፍለው የሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዲኮርና ለቪዲዮ ከምናወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ለካስማና ለተካይ የሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው።

ድንኳኑ «ስንት ሰው ይይዛል» የሚለውም አንድ ቃል ይገባዋል። ሰው በረድፍ ወንበር ላይ ሲቀመጥና በጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ የሚይዘው ቦታ አንድ አይደለም። በጠረጴዛ ዙሪያ ለሚቀመጥ ሰው፣ አሳላፊ የሚያልፍበት ተጨምሮ፣ አንድ ሜትር ካሬ ተኩል ገደማ ያስፈልጋል፤ በዚህ ስሌት 200 ሜትር ካሬ ድንኳን ወደ 130 ሰው ነው በምቾት የሚይዘው። ከዚያ በላይ ሲታጨቅ መጀመሪያ የሚጠፋው መተላለፊያው ነው። መውጫው በሁለት ወገን መሆን አለበት፤ በአንዱ በኩል ሙሽሮች የሚቀመጡበት መድረክ ተሠርቶ፣ በሌላው በኩል ቡፌ ተዘርግቶ መውጫ የማይቀርበት ድንኳን አይቻለሁ። የማጀት እሳቱ ከሸራው ራቅ ይበል፤ የፕላስቲክ ሸራ ሲቀጣጠል እየቀለጠ ይንጠባጠባልና። ጄኔሬተርም ከድንኳኑ ውጭ፣ ጭሱ ወደ ሰው በማይነፍስበት ወገን ይቀመጥ፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን ሳያስታውቅ ይገድላል።

ስለ ወንበርና ስለ ሳህን ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ሲመጣም ሲመለስም ሁለቱ ወገኖች አብረው ቆጥረው ይፈርሙ፤ የተሰበረ ብርጭቆና የጎደለ ሹካ የሚተካበት ዋጋ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ጠቡ በዚህ ያበቃል። ፀሐይ ያደረቀው የፕላስቲክ ወንበር ግን ሲታይ ደኅና መስሎ እግሩ በድንገት ስለሚሰበር፣ በተለይ ለአረጋውያን የሚሰጠው ወንበር አንድ በአንድ ተጭኖ ይፈተሽ።

ከሠርግ ይልቅ አሳሳቢ ሆኖ የማገኘው የለቅሶ ድንኳን ነው። ሠርግ ቀን ተቆርጦለት የሚመጣ ነው፤ ሞት ግን ቀጠሮ የለውም። ሌሊት ጡሩንባ ተነፍቶ ድንኳኑ ሳይነጋ መቆም አለበት፤ ሐዘንተኛው ውል የሚዋዋልበት ልብም ጊዜም የለውም፤ እንዲዋዋል መጠየቅም ነውር ነው። ድንኳኑ የሚቆመው መንገድ ላይ በመሆኑ ደግሞ አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ማለፊያ ያጣል። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ድንኳኑ ሠልስት እስኪወጣ ዝናብና ነፋስ ሲፈራረቁበት ይቆያል፤ በውስጡ ያሉትም ባብዛኛው አረጋውያን ናቸው። ለዚህ የማየው መንገድ እድሮች ከአንድ ወይም ከሁለት አከራዮች ጋር በየዓመቱ መጀመሪያ የሚጸና ውል እንዲይዙ ነው፤ ተከላው፣ ኃላፊነቱና ዋጋው አስቀድሞ ስለተወሰነ ሐዘን ሲደርስ ስልክ መደወል ብቻ ይበቃል። የራሳቸው ድንኳን ያላቸው እድሮችም ከየአባላቱ ቤት አራት አምስት ወጣቶችን መርጠው ተከላ ሊያሠለጥኗቸው፣ ለድካማቸውም ሊከፍሏቸው ይገባል። በእስልምና እምነት ተከታይ ወንድሞቻችን ሰፈር ለኒካህና ለሐዘን የሚተከለው ድንኳንም ያው ድንኳን፣ ነፋሱም ያው ነፋስ ስለሆነ፣ አከራዮቹም ብዙ ጊዜ አንድ ስለሆኑ፣ እድሮች በእምነት ሳይለያዩ በአንድ ላይ ቢዋዋሉ የተሻለ ዋጋና የተሻለ አገልግሎት ያገኛሉ።

ከከተማው አስተዳደር የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። መንገድ ዘግቶ ለሚተከል ድንኳን ቀበሌ ፈቃድ ሲሰጥ ገመዱ ከምን እንደታሰረና የመኪና ማለፊያ መተዉን የሚያይ አንድ ሰው ይላክ፤ ለጥምቀት ሰሞን በየሜዳው ለሚቆሙት ሰፋፊ ድንኳኖችና መቀመጫዎች ደግሞ በምሕንድስና ባለሙያ ሳይታዩ ሰው እንዳይገባባቸው ይደረግ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራንና የሙያ ኮሌጅ አሠልጣኞች ለአከራዮችና ለእድር ወጣቶች በአንድ ሜዳ ላይ ካስማ አመታትን፣ ገመድ አወጣጠርንና የክብደት ስሌትን በተግባር ቢያሳዩ፣ ከብዙ ማስጠንቀቂያ ይልቅ ይጠቅማል። ጥር 11 ሳይደርስ ሊደረግ የሚችል ነገር ነው።

እድራችን ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤው ከዚህ በላይ የዘረዘርኋቸውን ነጥቦች የያዘ የአንድ ገጽ የውል ቅጽ አጽድቋል፤ አባላት ድንኳን ሲከራዩ ቅጹን ከእድሩ ወስደው ከአከራዩ ጋር እንዲፈራረሙም ወስኗል። እስካሁን ሁለት አከራዮች ተቀብለውታል፤ አንደኛው እንዲያውም ለሌሎች ደንበኞቹም ሊጠቀምበት ግልባጩን ወስዷል። ሌላው አከራይ ግን ተከላው የእርሱ ኃላፊነት እንዲሆን የሚለውን አንቀጽ ካላወጣችሁ አልፈርምም ብሏል፤ እኛም ከእርሱ መከራየት ትተናል። ጋዜጣው ይህን ደብዳቤ ቢያትምልን፣ ተመሳሳይ ቅጽ የሚሠሩ እድሮች በሌሎች ከተሞችም ካሉ የጨመሩትንና የቀነሱትን በዚሁ ዓምድ እንዲጽፉልን እንጠይቃለን፤ በተለይ በኮብልስቶን ላይ ክብደት አቀማመጥን በተመለከተ ከእኛ የተሻለ ልምድ ያላቸው እንደሚኖሩ እናምናለን።

ከአክብሮት ጋር፤
የአንድ የሰፈር እድር ጸሐፊ
ጎንደር